ካርታው ከአራት ኪሎ ወደ ወረዳ ይውረድ

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ የተፋሰስ ልማት ሥራ ይጀመራል። አርሶ አደሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ወደየንዑስ ተፋሰሱ ይወጣል፤ ትሬንች ይቆፈራል፣ እርከን ይካባል፣ ቦረቦሩ በክትር ይታሠራል። ዓላማው የጎርፉን ሩጫ መግታት፣ አፈሩን ባለበት ማስቀረት፣ ውሃውን ወደ ከርሰ ምድር ማስረግ ነው። ይህ ሥራ በብዙ ወረዳዎች ደርቀው የነበሩ ምንጮችን መልሷል፤ ተራቁተው የነበሩ ተራሮችን አልብሷል። ውጤቱን አርሶ አደሩ በዓይኑ ያየው ስለሆነ ክርክር አያሻውም።

ክርክር የሚያሻው ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃን ወደ ውስጥ ማስረግ ለሁሉም ተዳፋት መድኃኒት አይደለም። ከሥሩ የሸክላ ወይም የበሰበሰ ድንጋይ ንጣፍ ያለበት፣ በላዩ ደግሞ ወፍራም ልል አፈር የተጫነበት ቁልቁለት ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል። ውሃው ሸክላው ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣና በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ግፊት ይፈጥራል፤ አፈሩን ከሥሩ ጋር አጣብቆ የያዘው ኃይልም ይላላል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ በእኩል ከፍታ የተቆፈረ፣ ውሃ የሚያቁር ትሬንች ለመንሸራተት የተዘጋጀን መሬት እንደማጠጣት ይቆጠራል። ለዚህ ቦታ የሚስማማው ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን የሚመራ፣ መጠነኛ ቁልቁለት የተሰጠው ቦይና ሣር የለበሰ የውሃ ማስወገጃ ነው። በ1997 ዓ.ም በግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር የወጣው የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያም ሥራው የሚመረጠው ተዳፋትነቱ፣ የአፈሩ ጥልቀትና የዝናቡ መጠን ታይቶ እንዲሆን ያሳስባል። በተግባር ግን ዕቅዱ ከላይ የሚወርደው በሄክታርና በኪሎ ሜትር ነው፤ ወረዳውም የሚመዘነው በቆፈረው ልክ ነው። ቁጥር ለመሙላት የሚሮጥ ወረዳ የትኛው ተዳፋት ውሃ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለመለየት ጊዜ አይኖረውም።

ጊዜ ቢኖረውስ በምን ይለያል? የሚለይበት መሣሪያ አለ። ያለው ግን ሩቅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ ተነስቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢን ያገኛል። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለው በዚህ ግቢ የሥነ ምድር ትምህርት ቤት ይገኛል። የምድር መናወጥን የሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ የጀመረውም እዚሁ አራት ኪሎ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ያለፉ ተማሪዎችና መምህራን የመሬት መንሸራተትን ለዓመታት አጥንተዋል፤ ጄልዱን፣ ጊምቢን፣ ጊዶሌን፣ አባይ በረሃንና ሌሎችንም የደጋ ተዳፋቶች የሚመለከቱ ካርታዎች በአገሪቱ ተመራማሪዎች ተሠርተዋል። ከወረዳ ለዓውደ ጥናት የመጣ ኃላፊ ፒያሳ አካባቢ አድሮ፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ወደ ወረዳው ሲመለስ የራሱ ወረዳ ካርታ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ እንደነበር ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል። ጥናቶቹ የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስ መጽሔቶችና በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እጅ የሚገቡበት መንገድ አልተዘረጋም።

ካርታው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚጠቅመው ባለሙያውን ብቻ አይደለም። ካርታው ምን ያህል እንደሚታመን መመዘን የሚችለው አሠራሩን የሚያውቅ ነው። መነሻው የድሮ ናዳዎች ምዝገባ ነው። መሬት አንዴ የተንሸራተተበት ቦታ አሻራ ይተዋል፤ ከላይ የፈረስ ኮቴ መሰል ቁርጥ ገደል፣ ከሥሩ ጉብታና ጉድጓድ የበዛበት ያልተስተካከለ መሬት፣ ከቦታው የተገፋ የወንዝ መታጠፊያ ይታያል። ባለሙያው እነዚህን ምልክቶች ከሳተላይት ምስል ላይ እየፈለገ ድንበራቸውን ያሰምራል። የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ምስል በ10 ሜትር ጥራት በየጥቂት ቀናቱ በነፃ ይገኛል። የአሜሪካው ላንድሳት ደግሞ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ ስለቆየ የዛሬውን መሬት ከአባቶች ዘመን መሬት ጋር ለማነጻጸር ያስችላል።

ሁለተኛው ግብዓት የምድሩ ከፍታና ዝቅታ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ምድርን ለ11 ቀናት እየዞረች በራዳር የለካችው የከፍታ መረጃ ዛሬ ማንም ሰው በነፃ ሊያወርደው የሚችል ሆኗል። መረጃው ምድሩን 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ ከፍታውን ይሰጣል። ከዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ ቁልቁለቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ወደየት እንደሚመለከት፣ የጎደጎደ ይሁን ያበጠ፣ ውሃ የት እንደሚሰበሰብ ያሰላል። በዚህ ላይ የድንጋዩ ዓይነት፣ የወንዝና የመንገድ ርቀት፣ የመሬቱ ሽፋንና ዝናቡ ይደረባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ብዙዎች እንደሚፈሩት ውስብስብ አይደለም። አንድ የድንጋይ ዓይነት ከወረዳው መሬት አንድ አሥረኛውን ብቻ ይዞ ሳለ የተመዘገቡት ናዳዎች ግማሽ በእሱ ላይ ከተገኙ፣ ያ ድንጋይ ከድርሻው አምስት እጥፍ ናዳ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ክብደቱም በዚያው ልክ ይሰጠዋል። ለቁልቁለቱም፣ ለውሃውም፣ ለሽፋኑም እንዲሁ ይደረጋል። ክብደቶቹ ተደምረው እያንዳንዱ ካሬ በጣም ዝቅተኛ ከሚባለው እስከ በጣም ከፍተኛ በአምስት ደረጃ ይመደባል። አረንጓዴውና ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ወረዳው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካርታው የትን እንጂ መቼን አይናገርም። በተጨማሪም 30 ሜትር በ30 ሜትር ማለት 900 ካሬ ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ማሳ ከሦስት ካሬ አይበልጥም፤ የአንድ አባወራ ቤትና ጓሮ በአንድ ካሬ ውስጥ ጠቅልሎ ይገባል። ስለዚህ ካርታው ይህ ቤት ይወድቃል፣ ያኛው ይተርፋል ሊል አይችልም። በክረምት ደመናው ተራራውን ሲሸፍን የተራው ሳተላይት ዓይን ይታወራል። ደመና የማያግደው ራዳር አለ፤ የሴንቲኔል 1 ራዳር ምስሎችን በማነጻጸር መሬት በሴንቲ ሜትር ደረጃ መንቀሳቀሱን መለየት ይቻላል። ነገር ግን እሱም በጠባብ ሸለቆዎችና በጣም በቆሙ ገደሎች ጥላ ውስጥ ያለውን አያይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታርሶ የለሰለሰ የድሮ ናዳ ከሰማይ ሲታይ ማሳ ብቻ ይመስላል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው አርሶ አደሩ ነው። የዛሬ 40 ዓመት የተናደ ቦታ በአካባቢው ስሙ ይታወቃል፤ ምንጩ ከየት ወደየት እንደተዛወረ፣ የትኛው ማሳ በየክረምቱ እንደሚሰነጠቅ፣ የማን አጥር ወደ ታች እንደዘመመ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ከአራት ኪሎ የተሠራ ካርታ እነዚህን ሰዎች ካልጠየቀ ግማሽ ሥራ ነው። ጥሩ የምዝገባ ሥራ የሚሠራው ምስሉ በወረቀት ታትሞ ቀበሌ ድረስ ሲወርድና አርሶ አደሩ በጣቱ እያመለከተ እዚህ ጋ ስታችኋል ሲል ነው።

ስለ ጉዳቱ መጠን የሚጠራጠር ካለ ወደ ኋላ መመልከት ይበቃዋል። የሥነ ምድር ተመራማሪው ሉልሰገድ አያሌው ባሳተመው ጥናት መሠረት ከ1993 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ በኢትዮጵያ የመሬት መንሸራተት 300 ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ ከ200 በላይ ቤቶችን አፍርሷል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አበላሽቷል፤ ከ500 ሄክታር በላይ መሬትም ከጥቅም ውጭ አድርጓል። በ1998 ዓ.ም መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን በተባለው ሥፍራ የደረሰው ናዳ በሺዎች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስልና የከፍታ መረጃ ይዘው አካባቢውን ደጋግመው አጥንተውታል፤ ለመንሸራተት የተጋለጡ ቦታዎች ካርታም ተሠርቶለታል። በአባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ በየክረምቱ ስለሚሰነጠቅ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ የመሬቱን እንቅስቃሴ በመሣሪያ አጥንቷል። ለመንገድ የተደረገው ለማሳ ለምን አይደረግም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የቅርቡ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተናደ። ጎረቤት ለማዳን ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ ወረደ። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለማዳን ሮጠው ከሞቱት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደሚገኙበት የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ ተናግረዋል። በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ በሰሜን ጎንደር ዞን ጠለምት ወረዳም ናዳ የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ ብዙዎችንም አፈናቅሏል።

የጎፋው አደጋ ለግብርና ባለሙያዎች የተለየ ትርጉም አለው። ወገን ሲቀበር ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ ሕዝቡም ያደረገው ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ናዳ ከሥር ደግፎ የያዘውን አፈር ሲወስደው ከላይ ያለው ተዳፋት ድጋፍ አጥቶ ይቀራል። ቀበሌው በካርታ ላይ ቀይ ሆኖ ቢታወቅ፣ ከክረምቱ በፊት ሕዝቡ ቢመከርበት፣ ከላይ ያለውን ስንጥቅ የሚያይ ሰው ሳይቆም ከሥር በጅምላ አይገባም የሚል ስምምነት ቢኖር የሟቾች ቁጥር ሊቀንስ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ስምምነት በአደጋው ሰዓት አይደረስበትም፤ አስቀድሞ የተመከረበት መሆን አለበት።

በካርታው ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ከአርሶ አደሩ የሚመጣ ሲሆን፣ ተቃውሞው መሠረት አለው። ማሳዬ ቀይ ከተቀባ ነገ ተነሳ እባላለሁ የሚል ስጋት ነው። ስጋቱን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ የድሮ ናዳ ያረፈበት መሬት ብዙውን ጊዜ ጥሩ መሬት ነው። በገደላማ አገር ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ የሚገኘው እዚያ ነው፤ አፈሩ ጥልቅ ነው፤ ምንጭም ከሥሩ ይፈልቃል። ሰው የሰፈረበት ሞኝ ሆኖ አይደለም። የኡጋንዳ ታሪክ ለዚህ ያስተምራል። መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. በኤልጎን ተራራ ሥር ቡዱዳ አውራጃ ውስጥ ናሜትሲ የተባለ መንደር በናዳ ሲቀበር መንግሥት ከተረፉት ብዙዎቹን ራቅ ወዳለው ኪርያንዶንጎ አሰፈረ። ከሰፈሩት መካከል የተወሰኑት ግን ወደ ተራራቸው ተመለሱ፤ ለም መሬታቸው እዚያ ነበርና።

ስለዚህ ቀይ ቀለም የመፈናቀል ትእዛዝ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ቤቱ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ማሳውን ባለበት ትቶ ቤቱን ብቻ ወደ ቅርብ ጠንካራ ሸንተረር ማዛወር ከሩቅ ሠፈራ ይልቅ ርካሽና ለአርሶ አደሩም የሚዋጥ መፍትሔ ነው። ለዚህ የሚሆን ጥቂት የወል መሬት መለየት የቀበሌውና የወረዳው ሥራ ነው። አርሶ አደሩ ማሳውን ቀን እያረሰ ማታ ወደ ሸንተረሩ ይመለሳል። በቀዩ ማሳ ላይ የሚደረገው የውሃ ሥራም ይለወጣል፤ ማቆር ይቀርና ማስወገድ ይገባል፤ የተዳፋቱ ግርጌ ለቤት መሠረትም ሆነ ለመንገድ አይቆረጥም፤ ሥራቸው ጠልቆ የሚይዝ ዛፎች ይተከላሉ፤ የመስኖ ቦይ ከሆነም እንዳያንጠባጥብ ይደረጋል።

ይህን ለማድረግ አዲስ ተቋም መመሥረት አያስፈልግም። የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲባል የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በአየርና በሳተላይት ምስል ላይ ለክተው ይዘዋል። የናዳው ካርታ በዚህ የማሳ ካርታ ላይ ቢደረብ ቀያሹ የማንን ማሳ እንደሚመለከት በስም ያውቃል። ሥራውን የሚሠራ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ መረጃውም በነፃ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢያቸው አሉ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት በሚል ስም ከሚሠሩት ሥራ ውስጥ ይህን ቢያስገቡ የሚጠላባቸው የለም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም አገሪቱ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ያመጠቀቻትን ሳተላይት ለግብርና ትጠቅማለች ሲባል የተገባውን ቃል በወረዳ ደረጃ በሚነካ ሥራ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የጎደለው ግዴታ ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የወረዳን ተዳፋት አጥንቶ ሲጨርስ ውጤቱን ለወረዳው እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ነገር ጠንካራ አይደለም። ወረዳው ለመስክ ሥራ ሲመጣ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ አስጎብኚ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አይጠይቀውም። ደብዳቤውን የሚጽፈው ጽሕፈት ቤት አንድ መስመር ቢጨምርበት ብዙ ይለወጣል፦ ጥናቱ ሲያልቅ ካርታው በአማርኛ፣ የቦታዎቹ ስም አርሶ አደሩ በሚጠራው ስም ተጽፎ፣ በወረቀት ታትሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ገቢ ይደረግ። በምላሹ ወረዳው የሚሰጠው ነገር አለ። አራት ኪሎ ያሉ ባለሙያዎች ዘወትር የሚቸገሩት ናዳ መቼና ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ በፊቱ ስንት ቀን እንደዘነበ የሚናገር መዝገብ በማጣት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በስልኩ ቦታውን ለክቶ፣ ቀኑንና ዝናቡን ጽፎ ቢያስቀምጥ የሚቀጥለው ካርታ መቼ የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይጀምራል።

አራዳም ቢሆን ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርደው ወንዝ በክረምት ዳርቻውን ሲቦረቡር በዳርቻው የተሠራ ቤት ይሰጋል። ነገር ግን ለከተማው መሐንዲስ አለው፤ ለጠለምቱ ቁልቁለት ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ ነው።

የተፋሰስ ልማት ዕቅድ የሚዘጋጀው ከጥር በፊት ባሉት ወራት ነው። ንዑስ ተፋሰሶች ይመረጣሉ፣ ቀያሾች ይሠለጥናሉ፣ ሄክታሩ ለየቀበሌው ይከፋፈላል። ካርታው ወረዳ መድረስ ያለበት በዚህ ጊዜ፣ ሄክታሩ ከመከፋፈሉ በፊት ነው። የካቲት ላይ ከደረሰ ትሬንቹ ተቆፍሯል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃ ሞልቷል።